ፖስትዶክ ስትመርጡ ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት ከፋዩንና ውሉን እዩ

ዶክትሬቱን የጨረሰ ኢንጂነር ወይም ሳይንቲስት ስለ ፖስትዶክ፣ ማለትም ከዶክትሬት በኋላ ስለሚሠራ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ፣ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከከተማ ነው። ሙኒክ ይሻላል ዙሪክ? ስቶክሆልም ወይስ ቶኪዮ? ጥያቄው ልክ ነው፤ ቦታው ግን ሁለተኛ ላይ ነው። በአንድ ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ፖስትዶኮች ፈጽሞ የተለያየ ኑሮ ሊኖሩ ይችላሉ። አንዷ የዩኒቨርሲቲው ተቀጣሪ ናት። ጡረታ ይቆረጥላታል፣ ውሏ ሲያልቅም የሥራ አጥነት መድን አላት። አጠገቧ ያለው የሚኖረው በድጎማ ነው። ገንዘቡ በየወሩ ይገባለታል፤ ከዚያ ውጭ ግን ለዩኒቨርሲቲው እንግዳ ነው። ሲቪያቸው ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲ ስም ግን አንድ ነው።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው መንገዶችን እንጂ ዩኒቨርሲቲዎችን አይደለም። ትኩረቴ በቴክኒክ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ነው። ጀርመን ውስጥ እንደ ሙኒክ፣ አኽንና ድሬስደን ያሉት፣ ስዊድን ውስጥ ኬቲኤችና ቻልመርስ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ኢቲኤች ዙሪክ፣ ሳዑዲ ውስጥ ካውስት ማለቴ ነው። አሜሪካንና ጃፓንንም እነካለሁ።

መለኪያዎቹ

እኔ የምጠቀመው አምስት መለኪያ ነው። ቅደም ተከተሉ የራሴ ነው፤ ልታዛንፉት ትችላላችሁ።

አንደኛው ከፋዩና ውሉ ነው። የሥራ ውል ነው ወይስ ድጎማ? የሥራ ውል ከሆነ ግብር፣ ጡረታ፣ የጤናና የሥራ አጥነት መድን አብረው ይመጣሉ። ድጎማ ብዙ ጊዜ ከግብር ነጻ ስለሆነ እጅ ላይ የሚደርሰው ብር ደህና ይመስላል። መድኑ ግን የራስ ጣጣ ነው፣ ጡረታም የለውም።

ሁለተኛው የዶክትሬቱ ዕድሜ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። አብዛኛው ፌሎሺፕ (በውድድር የሚሰጥ የምርምር ገንዘብ) የሚቆጥረው የእናንተን ዕድሜ ሳይሆን ዶክትሬቱን ካገኛችሁ ስንት ዓመት እንደሞላ ነው። አገር ቤት ተመልሶ፣ የማስተማር ጫና ተሸክሞ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊም ሆኖ ሦስት አራት ዓመት ያለፈበት ሰው በሩ እንደተዘጋ የሚያውቀው ማመልከቻውን ሲከፍት ነው።

ሦስተኛው ጥበቃው ነው። ከማመልከቻ እስከ መጀመሪያው ደመወዝ ስንት ወር? በዚያ ላይ የኤምባሲ ቀጠሮና የሰነድ ማረጋገጫ ጊዜ ጨምሩበት።

አራተኛው፣ የምርምር ሐሳቡ የማን ነው? ፕሮፌሰሩ ያሸነፈው ፕሮጀክት ነው ወይስ እናንተ የጻፋችሁት? ይህ ከገንዘቡ ባልተናነሰ ይወስናል። ነገ ራሱን ችሎ የምርምር ቡድን መምራት የሚፈልግ ሰው በስሙ የወጣ ፕሮፖዛል ያስፈልገዋል።

አምስተኛው ቤተሰብና ከውሉ በኋላ ያለው ነገር ነው። ባለቤቴ መሥራት ትችላለች? ልጆች ይመጣሉ? ውሉ ሲያልቅ አገሩ ውስጥ የመቆየት መብት አለ?

የዩኒቨርሲቲ ደረጃ የት ገባ? አልገባም። በፖስትዶክ ደረጃ ቀጣዩ ቀጣሪ የሚያየው የሠራችሁበትን ቡድንና ያወጣችሁትን ሥራ ነው። ደረጃ የሚጠቅመው ለቤተ ዘመድ ለማስረዳት ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

የፕሮጀክት ቅጥር

ብዙው ፖስትዶክ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው ግን እንደ ሁለተኛ ደረጃ ዕድል ያየዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ፕሮፌሰር ከጀርመን የምርምር ድርጅት፣ ከፌዴራል ሚኒስቴር፣ ከአውሮፓ ኅብረት ወይም ከኢንዱስትሪ ገንዘብ ያገኛል። ሥራውን የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል። ማስታወቂያ ያወጣል። እናንተ እንደ ማንኛውም ሥራ ትወዳደራላችሁ።

ጀርመን ውስጥ ደመወዙ ድርድር የለውም ማለት ይቻላል። አብዛኞቹ ክፍላተ ግዛቶች የሚከፍሉት ቲቪ-ኤል በሚባለው የደመወዝ ሰንጠረዥ ነው፤ የፖስትዶክ እርከን ብዙ ጊዜ ኢ13 ነው። መነሻው በወር ከ4,500 ዩሮ በላይ ነው፣ ያልተጣራ። ላላገባና ልጅ ለሌለው ሰው ግብርና መድን ተቆርጦ እጅ ላይ የሚደርሰው ከ60 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል። በሰንጠረዡ ውስጥ ግን በልምድ ዓመት የሚወጣ ደረጃ አለ። እዚህ ላይ ነቃ በሉ። አዳማ ወይም ባሕር ዳር ያስተማራችሁበትና የተመራመራችሁበት ዓመት አግባብ አለው ከተባለ ሊቆጠርላችሁ ይችላል። የሚወሰነው ግን ስትቀጠሩ ነው። ስለዚህ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን፣ በእንግሊዝኛ፣ የሥራውን ዝርዝር ይዞ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ለሰው ሀብት ክፍሉ አስገቡ። በወር በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

የጊዜ ገደብም አለ። የጀርመን ሕግ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ጊዜያዊ ውል ከዶክትሬት በኋላ በመደበኛው 6 ዓመት፣ በሕክምና 9 ዓመት እንዲሆን ይገድባል። ከውጭ በተገኘ የፕሮጀክት ገንዘብ የሚቀጠር ሰው በሌላ አንቀጽ ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ቢሆንም ቋሚ ሥራ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው። ከፕሮፌሰርነት በታች ቋሚ የምርምር ቦታ እዚያ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሥራው ባሕርይ። በሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ ያለ ፖስትዶክና በምህንድስና ትምህርት ክፍል ውስጥ ያለ ፖስትዶክ ስማቸው አንድ ቢሆንም ቀናቸው አንድ አይደለም። የጀርመን የምህንድስና ወንበሮች (በአንድ ፕሮፌሰር የሚመሩ ክፍሎች) ከኢንዱስትሪ ጋር የተጋቡ ናቸው። ሳምንቱ የሚያልፈው ከመኪና አምራች ወይም ከማሽን ፋብሪካ ጋር በሚደረግ ስብሰባ፣ በፕሮጀክት ሪፖርት፣ የማስተርስ ተማሪ በማማከርና ቀጣዩን ፕሮፖዛል በማዘጋጀት ነው። ኢንዱስትሪ ውስጥ መግባት ለሚፈልግ ሰው ወርቅ ነው። ጽሑፍ ማሳተም ለሚፈልግ ግን አንድ መጥፎ ነገር አለው፤ ከፋዩ ኩባንያ ውጤቱን በምስጢር እንዲያዝ ሊጠይቅ ይችላል። ሁለት ዓመት ሠርታችሁ የምታሳትሙት ሳይኖር ልትወጡ ትችላላችሁ። ቃለ መጠይቁ ላይ "ከዚህ ፕሮጀክት ምን ማሳተም ይቻላል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ተረድታችሁታል።

ሌላው ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። ገንዘቡ ጸድቆ የተቀመጠ ስለሆነ ከማስታወቂያ እስከ ውል ጥቂት ወራት ይበቃል። መኖሪያ ፈቃዱም የሚመጣው ከሥራ ውል ጋር ነው። ደመወዙ መስፈርቱን ካሟላ ብሉ ካርድ (ለተማሩ ባለሙያዎች የሚሰጥ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ) ማግኘት ይቻላል። ብሉ ካርድ ያለው ሰው መሠረታዊ ጀርመንኛ ይዞ በ27 ወር፣ ቋንቋውን ቢ1 (መካከለኛ) ደረጃ ካደረሰ ደግሞ በ21 ወር ለቋሚ መኖሪያ ማመልከት ይችላል። መስፈርቱ ግን በእነዚያ ወራት የጡረታ መዋጮ መከፈሉ ነው። ድጎማ ይህን አያሟላም። ከላይ "ውሉን እዩ" ያልኩት ለዚህ ነው።

ስዊድን ተመሳሳይ መንገድ አላት፣ ትንሽ ይበልጥ የተስተካከለ። በ2022 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የሥራ ስምምነት ፖስትዶክ ቢያንስ 2፣ ቢበዛ 3 ዓመት እንዲሆን ይደነግጋል። ቅድሚያ የሚሰጠው ዶክትሬቱን ካገኘ ከ3 ዓመት ላልበለጠው ነው፤ ወሊድ፣ ሕመምና የመሳሰሉት ይቀነሳሉ። እዚያ ለፕሮፌሰር ኢሜይል መላክ ብቻውን ብዙ አያስኬድም። ቦታው በይፋ ይወጣል፣ ማመልከቻው በዩኒቨርሲቲው ሲስተም ይገባል፣ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው መስፈርት አንድ በአንድ ይታያል። ስዊድንና የኢትዮጵያ ምህንድስና በነገራችን ላይ የቆየ ትውውቅ አላቸው። የዛሬው የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ተቋም መነሻው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ነው።

ማሪ ኩሪ ፌሎሺፕ

የአውሮፓ ኅብረት ትልቁ የፖስትዶክ ፌሎሺፕ ነው። ዜግነት አይጠይቅም፤ የአውሮፓውን ዘርፍ ኢትዮጵያዊም ሊወዳደርበት ይችላል። ዓለም አቀፍ የሚባለው ዘርፍ ግን ለኅብረቱና ለተባባሪ አገሮች ዜጎች ወይም ለረጅም ጊዜ ነዋሪዎች ብቻ ነው፤ ስሙ እንዳያሳስታችሁ።

ሐሳቡ የእናንተ ነው። ፕሮፖዛሉን ከተቀባይ ፕሮፌሰር ጋር ሆናችሁ ትጽፋላችሁ፤ ዋናው ክፍል 10 ገጽ ነው። ግማሹ ነጥብ ለሳይንሳዊ ጥራቱ፣ 30 በመቶው ለሚያመጣው ለውጥ፣ 20 በመቶው ለአፈጻጸሙ ነው። ጎበዝ ሳይንቲስቶች የሚወድቁት ብዙ ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ነው። የሥልጠና ዕቅድ፣ የሥራ ሰንጠረዥ፣ ውጤቱን ለሕዝብ የማድረስ ዕቅድ አሰልቺ ይመስላሉ፤ ነጥቡ ያለው ግን እዚያም ነው።

ሁለት ደንብ ልብ በሉ። ከዶክትሬት በኋላ ያለው የምርምር ልምድ ከ8 ዓመት መብለጥ የለበትም። ከማመልከቻው ማብቂያ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ ደግሞ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ መኖር ወይም መሥራት አይቻልም። ይህ የሁለተኛው ደንብ ጉዳይ ለኛ ሰዎች በደንብ ይመለከተናል። ከጅማ፣ ከመቀሌ፣ ከአርባ ምንጭ ወይም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በቤልጅየም ትብብር ዶክትሬት የሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ጥቂት ወር እዚያ፣ ጥቂት ወር እዚህ እያለ ነው የጨረሰው። ፓስፖርቱን ይዞ ወራቱን ይቁጠር። ከ12 ወር በታች ከሆነ ወደ ቀድሞ ላቡ መመለስ ይችላል። ካለፈ ጎረቤት አገር ይፈልግ።

ገንዘቡ ደህና ነው። በ2025 ጥሪ ለኑሮ የተመደበው በወር 5,990 ዩሮ፣ ለመዘዋወር 710፣ ቤተሰብ ላለው 660 ነበር። የኑሮው ገንዘብ በአገሩ ውድነት መጠን ይባዛል። ግን ይህ ቁጥር ደመወዛችሁ አይደለም። የአሠሪውም የሠራተኛውም መዋጮ የሚቆረጠው ከዚሁ ላይ ነው። እጅ ላይ የሚደርሰው በጣም ያነሰ ነው፤ ከመደሰት በፊት የተቋሙን ሰው ሀብት ክፍል ግምት ጠይቁ።

ችግሩ ፉክክሩ ነው። በ2024 ጥሪ 10,360 ማመልከቻ ገብቶ 1,696 ሰው አሸነፈ። በ2025 የአመልካቹ ቁጥር 17,058 ደረሰ። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ሴፕቴምበር ላይ ነው፣ ውጤት ፌብሩዋሪ አካባቢ ይመጣል፣ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነው። በሰኔ "ላመልክት" ብሎ የሚነሳ ሰው ዘግይቷል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በጸደይ ወራት ተቀባይ ፕሮፌሰርን ከአመልካች የሚያገናኝ ጥሪ ያወጣሉ፣ የአጻጻፍ ሥልጠናም ይሰጣሉ። መጀመር ያለበት ያኔ ነው። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ማመልከቻ በቀጣዩ ዓመት ከዚያው ተቋም ጋር እንዳይመለስ የሚያግድ ደንብም ስላለ፣ ለሙከራ ብሎ ጥሬ ፕሮፖዛል ማስገባት ዋጋ ያስከፍላል።

ሁምቦልትና ጄኤስፒኤስ

ሁለቱም ክብር ያላቸው ናቸው። ሁለቱም ድጎማ እንጂ ቅጥር አይደሉም።

የጀርመኑ ሁምቦልት ፌሎሺፕ ማመልከቻ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። በአገር ወይም በትምህርት ዘርፍ ኮታ የለውም። ለፖስትዶክ ዶክትሬቱ ከ4 ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት፤ ቆይታው ከ6 እስከ 24 ወር ነው። ልምድ ላለው ተመራማሪ እስከ 12 ዓመት ይፈቀዳል፤ ከ6 እስከ 18 ወር የሚሆነውን ጊዜም እስከ ሦስት ቆይታ ከፋፍሎ መጠቀም ይቻላል። ለኔ የፌሎሺፑ ምርጥ ነገር ይህ ነው፤ ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ። የጀርመንኛ ኮርስና ለቤተሰብ የሚሆን ድጋፍ አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፌሎሺፑ ሲያልቅ አባልነቱ አያልቅም፤ ድርጅቱ የቀድሞ ተሸላሚዎቹን ዕድሜ ልክ ይደግፋል። ድክመቱ ከላይ የተናገርኩት ነው፤ የጡረታ መዋጮ የለም፣ ስለዚህ ለቋሚ መኖሪያ የሚጠየቀውን የመዋጮ ወራት አይሞላም።

የጃፓኑ ጄኤስፒኤስ (የሳይንስ ማስፋፊያ ድርጅት) መደበኛ ፌሎሺፕ ከ12 እስከ 24 ወር ነው። በወር 362,000 የን፣ ሲደርሱ 200,000 የን መቋቋሚያ፣ የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት አለው። ዶክትሬቱ ከ6 ዓመት ያልበለጠ ይሁን። የሚያመለክተው እናንተ ሳትሆኑ ጃፓናዊው ተቀባይ ፕሮፌሰር ነው። ስለዚህ ውድድሩ የሚጀምረው እሱን ከማሳመን ነው። የቶኪዮ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን የምትፈልጉ በድሮ ስሙ አታገኙትም፤ በኦክቶበር 2024 ከቶኪዮ ሕክምናና ጥርስ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋህዶ የቶኪዮ ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተብሏል። የትዳር ጓደኛ ፈቃድ አውጥቶ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ይችላል።

የዩኒቨርሲቲው የራሱ ገንዘብ

ኢቲኤች ዙሪክ የራሱ የፖስትዶክ ፌሎሺፕ አለው። 2 ዓመት ነው፣ ማመልከቻው የሚገባው ከተቀባይ ፕሮፌሰር ጋር ነው፣ ዶክትሬቱ ትኩስ መሆን አለበት፤ 2 ዓመት ያለፈው ሰው አይገባም። ውሉ የሥራ ውል ነው፣ ደመወዙም በአውሮፓ ከፍተኛ ከሚባሉት ነው።

እዚያው ስዊዘርላንድ ውስጥ መንግሥት ለውጭ አገር ተመራማሪዎች የሚሰጠው የልህቀት ስኮላርሺፕ አለ። ለፖስትዶክ የሚከፍለው በወር 3,500 ፍራንክ ነው። የኢቲኤች ተቀጣሪ ፖስትዶክ ያልተጣራ ደመወዝ የዚህ እጥፍ ነው። ዙሪክ ውስጥ በ3,500 ፍራንክ አንድ ሰው ተጠንቅቆ ይኖራል። ባለትዳርና ልጅ ያለው ግን ባያስበው ይሻላል። "ስዊዘርላንድ ፖስትዶክ አገኘሁ" የሚል ዜና ስትሰሙ የቱን እንደሆነ ሳታውቁ አትቅኑ።

ካውስት

ከጂዳ በስተ ሰሜን ቀይ ባሕር ዳር ቱዋል ላይ ያለው ይህ ዩኒቨርሲቲ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው። መሣሪያ አይጠየቅም፤ ሞልቷል። የሳዑዲ ሕግ በደመወዝ ላይ የገቢ ግብር ስለማይጥል የተባለው ብር እጅ ላይ ይገባል። መኖሪያ ቤቱ ግቢው ውስጥ ነው። ገንዘብ አጠራቅሞ ለመመለስ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ ያለ አይመስለኝም። ቋሚ መኖሪያ ለሚፈልግ ግን መንገዱ አይደለም፣ ሕይወቱም በግቢ የተከበበ ነው። አዲስ አበባ በአጭር በረራ መድረሱ ወላጅ ለሚጠይቅ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

አሜሪካ

ዋናው ችግር ላቡ አይደለም፣ ቪዛው ነው። ደመወዙን በተመለከተ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ወለል የሚያዩት የብሔራዊ ጤና ተቋማት ለጀማሪ ፖስትዶክ ያወጡትን ልክ ነው፤ በ2025 በጀት ዓመት 62,232 ዶላር ነበር። ቦስተን ወይም የካሊፎርኒያ ቤይ አካባቢ ይህ ብር የቤት ኪራይ በልቶት ያልቃል።

አብዛኛው ፖስትዶክ የሚገባው በጄ-1 (የልውውጥ ጎብኚ ቪዛ) ነው፤ እስከ 5 ዓመት ይፈቅዳል፣ የትዳር ጓደኛም የሥራ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ሁለት ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው፣ በመንግሥት ገንዘብ የመጣ ወይም ሙያው ለአገሩ በወጣው ዝርዝር ውስጥ ያለ ሰው ሁለት ዓመት አገሩ ሳይኖር ወደ ኤች-1ቢ (የሥራ ቪዛ) ወይም ወደ ግሪን ካርድ መሸጋገር አይችልም። ሁለተኛው ብዙም አይወራለትም። በተመራማሪ ምድብ ገብቶ ለጥቂት ወራት ጉብኝት አድርጎ የወጣ ሰው ለ24 ወር በዚያው ምድብ መመለስ አይችልም። ለአጭር ቆይታ የምትሄዱ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው እስከ 6 ወር የሚሆነውን የአጭር ጊዜ ምሁር ምድብ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ያኔ ቀጣዩ ትልቅ ዕድል አይበላሽም።

ኤች-1ቢ ከውጭ አገር ለሚመጣ አዲስ ሰው ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ 100,000 ዶላር ክፍያ ተጥሎበታል፣ ዩኒቨርሲቲም ከክፍያው ነጻ አልተደረገም። ለፖስትዶክ ይህን የሚከፍል ላብ ለማግኘት ዕድለኛ መሆን ይጠይቃል።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| መንገድ | ውል | ዶክትሬት ካገኙ | ርዝመት | ሐሳቡ የማን |
|---|---|---|---|---|
| የፕሮጀክት ቅጥር፣ ጀርመን | የሥራ ውል | እንደ ማስታወቂያው | እንደ ፕሮጀክቱ | በአብዛኛው የፕሮፌሰሩ |
| ኬቲኤች፣ ቻልመርስ | የሥራ ውል | ቅድሚያ እስከ 3 ዓመት | 2–3 ዓመት | በአብዛኛው የፕሮፌሰሩ |
| ማሪ ኩሪ | በአብዛኛው የሥራ ውል | እስከ 8 ዓመት የምርምር ልምድ | 1–2 ዓመት | የእናንተ |
| ሁምቦልት | ድጎማ | እስከ 4፣ ልምድ ላለው እስከ 12 ዓመት | 6–24 ወር | የእናንተ |
| ጄኤስፒኤስ | ድጎማ | እስከ 6 ዓመት | 12–24 ወር | የጋራ |
| ኢቲኤች ፌሎሺፕ | የሥራ ውል | እስከ 2 ዓመት | 2 ዓመት | የእናንተ |
| ካውስት | ቅጥር፣ ከመኖሪያ ጋር | እንደ ማስታወቂያው | እንደ ውሉ | በአብዛኛው የፕሮፌሰሩ |
| አሜሪካ፣ በጄ-1 | እንደ ዩኒቨርሲቲው | እንደ ዩኒቨርሲቲው | እስከ 5 ዓመት | በአብዛኛው የፕሮፌሰሩ |

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ

ገንዘቡ ጸድቋል ወይስ እየተጠበቀ ነው? ውሉ ለስንት ወር ነው፣ ማራዘም በማን እጅ ነው? ስንት ሰዓት አስተምራለሁ? ዋናውን መሣሪያ ለመጠቀም ወረፋው ምን ያህል ነው? ከዚህ ቡድን የወጡ ያለፉት ፖስትዶኮች አሁን የት ናቸው? የመጨረሻውን ጥያቄ ለፕሮፌሰሩ ብቻ አታቅርቡ። ለፖስትዶኮቹ ራሳቸው ጻፉላቸው። ሰው በቪዲዮ ጥሪ ላይ በጽሑፍ የማይናገረውን ይናገራል።

ለፕሮፌሰር የሚላከው ኢሜይል አጭር ይሁን። የትኛውን ሥራውን እንዳነበባችሁ፣ እናንተ ምን መጨመር እንደምትችሉ፣ በየትኛው ገንዘብ ለመምጣት እንዳሰባችሁ ተናገሩ። "ማንኛውም ክፍት ቦታ ካለዎት" የሚል ኢሜይል ወደ ቅርጫት ነው የሚሄደው። የራሱ ገንዘብ ይዞ ለመምጣት ዕቅድ ያለው ሰው ግን ይነበባል፤ ፕሮፌሰሩን የሚያስወጣው ጊዜ ብቻ ነዋ።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ከላይ ካሉት ፌሎሺፖች አንዱም የማመልከቻ ክፍያ አይጠይቅም። ገንዘብ ላኩ የሚል "ፖስትዶክ" ከመጣላችሁ ሌባ ነው።

ለማን የቱ?

ኪስ ውስጥ ብር ከሌለ የመነሻው ወጪ ከደመወዙ በፊት ይታሰብ። ጀርመን ውስጥ ደመወዝ የሚገባው በወሩ መጨረሻ ነው፤ ቤት አከራይ ደግሞ በሕግ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ማስያዣ መጠየቅ ይችላል። የፕሮጀክት ቅጥር ለትኬትም ሆነ ለመቋቋሚያ ብዙ ጊዜ ምንም አይሰጥም። ከአገር ቤት ዩሮ ማግኘት ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። እንዲህ ላለ ሰው ጄኤስፒኤስ ወይም ካውስት ይቀለዋል። ሁምቦልትም የጉዞ ወጪ ይሸፍናል።

ቤተሰብ ይዞ አውሮፓ ለመኖር የሚያስብ የፕሮጀክት ቅጥርን ያስቀድም፣ ስሙ ባያምርም። ጀርመን ውስጥ የብሉ ካርድ ወይም የተመራማሪ ፈቃድ ያለው ሰው የትዳር ጓደኛ የቋንቋ ፈተና ሳይጠየቅ ይመጣል፣ መሥራትም ይችላል። በጎን ማሪ ኩሪ ማመልከት አይከለከልም፤ ግን አገሩን ስትመርጡ የ12 ወሩን ደንብ አትርሱ። ዛሬ ጀርመን ተቀጥሮ ከዓመት በላይ የቆየ ሰው ማሪ ኩሪን ለሌላ አገር ማሰብ አለበት።

ራሱን የቻለ ተመራማሪ ለመሆን የቸኮለ፣ ዶክትሬቱም ትኩስ የሆነ፣ ኢቲኤችንና ማሪ ኩሪን ይሞክር። ጥበቃውን የሚሸፍን ሥራ ግን በእጁ ይያዝ።

የመጨረሻው ቡድን አገር ቤት በመምህርነት ያለው ነው። ዶክትሬቱ አምስት ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ የአገልግሎት ግዴታ ውል ፈርሟል፣ ሁለት ዓመት የሚለቀው የለም። ለእሱ ወይም ለእሷ የምመክረው የሁምቦልት ልምድ ላለው ተመራማሪ የሚሰጠውን ነው። ክረምት ክረምቱን፣ ሦስት ጊዜ ከፍሎ መሄድ ይቻላል፤ ሥራውም አይለቀቅም። ያ ከከበደ የጀርመኑ ዳድ (የአካዳሚ ልውውጥ ድርጅት) ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚሰጠው ከ1 እስከ 3 ወር የሚሆን የምርምር ቆይታ አለ። ሁለቱንም ከማመልከታችሁ በፊት ከትምህርት ክፍላችሁ የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ፤ ዕድሉ መጥቶ ፈቃዱ ሲዘገይ የሚቃጠለው የእናንተ ጊዜ ነው።